የዶቅዶቄው ዋስ

አያ አንዳርጌ መሞቱን የሰማሁት ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ እየሄዱ ኖሮ፣ እንዲያ ያለ አዋቂ ሰው ዳግም አይፈጠርም ይባባሉ ነበር። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው አሉ። አንደኛዋ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከትሁ። አላዘንሁም። ነፍስ ይማር ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ደግነቱ ማንም አላየኝም።

በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አንተ ብለው የሚቀየመኝ የለም፤ ዘመዶቹ ቢቀየሙኝም ዕዳው ገብስ ነው። ሰው የማይረሳው ውለታ የዋለለትን ነው ይላሉ። ውለታ የዋሉልኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ያንዳንዶቹ ስም እንኳ ጠፍቶብኛል። ይህ ሰው ግን ካፖርቱ፣ በትሩ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም የሚላት ዝምታ፣ አንድም ነገሩ አልጠፋኝም። ንቀት እንዲህ ጥሩ አድርጎ እንደሚያስታውስ አላውቅም ነበር።

ለማስተማር የተላክሁት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ እንጅባራን ሰው ሁሉ ኮሶበር ነበር የሚላት። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ስለሆነ አገውኛ አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ ርእሰ መምህሩ ፈረስ ገበያ ይዞኝ ወረደና አያ አንዳርጌን አሳየኝ። ከሰው ሁሉ በላይ የሚታይ፣ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ያረጀ የጣሊያን ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳው አይቼ እኔም ጎንበስ አልሁ።

በአገሩ ደንብ ፈረስ ወይም በቅሎ ሲሸጥ ሻጩ ዋስ ያቆማል። ዋሱ፣ ይህ ከብት የተሰረቀ አይደለም፣ ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ የምጠየቅ እኔ ነኝ ብሎ በሰው ፊት እጁን ከከብቱ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። የዋስ ነገር ይኸው ነው፤ ከዚህ አያልፍም። አያ አንዳርጌ ግን ብዙ ዓመት የብዙ ሰው ዋስ ሲሆን ኖሮ ነገሩ ቀስ በቀስ ሌላ መልክ ያዘ። እሱ እጁን ያሳረፈበት ፈረስ ያልተሰረቀ ብቻ ሳይሆን ጤነኛም፣ ገራምም፣ ዕድሜውም ሻጩ እንዳለው ነው ተብሎ ይታመን ጀመር። ኧረ እኔ እንዲህ አላልሁም ብሎ ያረመ ቀን የለም። ክብሩ ጣፍጦት ዝም አለ።

እውነቱን ለመናገር ፈረስ አያውቅም ነበር። ባለፈረስ ግን ያውቅ ነበር። ማን ሰካራም እንደሆነ፣ የማን ገብስ እንዳለቀ፣ ማን ከብቱን እንደሚደበድብ ከሴቶቹ ወሬ ይለቅምና ፈረሱን አይቶ ያወቀ ይመስላል። ገዢው አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ በአገውኛ ያጉተመትማል። ገዢው አገው ከሆነ ደግሞ ከዳዊት የቃረማትን ግዕዝ ጣል ያደርግበታል። ሁለቱም ትልቅ ነገር የተባለ ይመስላቸዋል። ሦስት ዓመት ቆይቼ አገውኛ ጆሮዬ ሲከፈት ጠጋ ብዬ አዳመጥሁት። «ዛሬ ሳይዘንብ አይውልም፤ እህሉም ውጭ ነው» ነበር የሚለው።

ማሽን አዋቂ የሆነው ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ነው። ለጣሊያን መኪኖች ውሃ ይቀዳ ነበር፤ በቃ። ከዚያች ውሃ መቅዳት ተነስቶ ወፍጮውንም፣ የልብስ መኪናውንም፣ ራዲዮኑንም የሚመረምር ሰው ሆነ። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ቆመና አስጠራነው። ጆሮውን ለጠፈበት፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ብርድ መትቶት ነው አለ። ኮሶበር ብርዳማ ስለሆነች ሁላችንም አመንን። ሰዓቱ ሳምንት ሙሉ በቀርከሃ አጥሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከረመ። በሳምንቱ ቁጥሮቹ የተጻፉበት ወረቀት ተጠቅልሎ ወደቀ። ርእሰ መምህሩ ግን አያ ስለደከሙልን ብሎ ጠላ አስቀዳለት፤ እሱም ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ፣ ሰዓቱ ከመጀመሪያውም ዕድሜው ደርሶ ነበር ብሎን ሄደ።

ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ይህን ለክብሩ የሚቆጥሩለት አሉ። ቢቀበል ይሻል ነበር እላለሁ እኔ፤ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ገበያተኛው እንዳይሸሸው እንኳ ይጠነቀቃል። እሱ የሚፈልገው በገባበት ቤት ሰው እንዲነሳለትና የተናገረው ሁለተኛ እንዳይነሳ ነው። አንድ ጊዜ ከአፉ የወጣ ነገር ስሕተት ሆኖ ቢያገኘው ስሕተቱን ይዞ ይሞታል እንጂ አይመልሰውም። ወረቀት ይጠላ ነበር። ማንበብ ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰና በጣቱ እየተከተለ አሳምሮ ያነባል። ወረቀት የጠላው ከእሱ ቀድሞ ስለሚናገር ነው። «ወረቀት ጋልቦ የደረሰ የለም» የምትል አባባል ነበረችው፤ ሰው ይስቅለት ነበር።

አሁን ስለ ምንይችል ልናገር። ምንይችል የጥርባ መንደር ልጅ፣ በዳንግላ ክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ። ኮሶበር ሲመጣ እኔ ቤት ነበር የሚያድር። ቀኝ እጁ ተሰጥዖ ነበራት። መርፌ ወግቶ ሲጨርስ ገና ነው ወይ ብለው የሚጠይቁት አሮጊቶች ነበሩ። እናቱ እሜቴ ጥሩዓለም ባሏ የሞተባት፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ናት። አንድ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ኮሶበርን፣ ጥርባንና ጥሊሊን እየዞረ የሚያክም አንድ ሰው እንመድባለን፣ መድኃኒቱን ከዳንግላ ወስዶ ሥራውን ሠርቶ በቀኑ የሚመለስበት መጓጓዣ ያለው ይቅደም አለ። መጓጓዣ የሌለው ወደ ቆላ ይመደባል። ምንይችል ዶቅዶቄ ካገኘ እናቱ ደጃፍ ሊሠራ ነው፤ ካላገኘ እናቱን ለብቻዋ ትቶ ቆላ ሊወርድ ነው። ነገሩ ይህ ነበር።

የቡሬ ነጋዴ አንድ ያገለገለ ዶቅዶቄ ሊሸጥ ኮሶበር ይዞ መጣ። እሜቴ ጥሩዓለም፣ አያ አንዳርጌ ሳያዩት ብትገዛ ወተቴን አልባርክልህም ብላ ልጇን ገዘተችው። እኔ ዳንግላ ጋራዥ ወስደን እናሳየው ብዬ ነበር። ማን ይሰማኛል፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ልጅ እግር አስተማሪ።

በገበያ ቀን ፈረስ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ሰዉ እህሉንና ድንቹን ትቶ ከበበን። አያ አንዳርጌ ወደ ዶቅዶቄው በግራ በኩል ቀረበ፤ ፈረስ የሚቀረበው በግራ ነውና። ኮርቻውን መታ መታ አደረገ። ታንከሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማውን በበትሩ ነካና፣ ሰኮናው ደህና ነው አለ፤ ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ምንይችልን በመጀመሪያ በሶምሶማ፣ ቀጥሎ በግልቢያ አስነዳው። ምንይችል በዚያ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሄደ፣ ዞረ፣ መጣ። እንዴት እንደሚቆም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፈረስ የሚፈተነው በአካሄዱ እንጂ በአቋቋሙ አይደለም፤ ሣሩ ረዥም ስለነበረ ደግሞ ዶቅዶቄው ነዳጁን ሲቀንስለት በራሱ ጊዜ ቆመ። አያ አንዳርጌ እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈና፣ ጤነኛ ነው፣ ዋስ ነኝ አለ። ሴቶች እልል አሉ።

ነጋዴው ግን አልዋሸም። ይህን ለነፍሱ እመሰክርለታለሁ። የዶቅዶቄውን ደብተር፣ ሊብሬውን፣ ከኪሱ አውጥቶ፣ በየዓመቱ የተደረገለት ምርመራ ከኋላ ገጾቹ ላይ አለ፣ አይታችሁ ግዙ ብሎ ሰጠ። የተሰጠው ደግሞ ለዋሱ ነው። አያ አንዳርጌ ተቀበለና ከኋላ ገለጠው። እኔ ከትከሻው ኋላ ነበርሁ። የሁለት ዓመቱ ምርመራ ሰማያዊ ማኅተም አለበት። የሦስተኛው ዓመት ማኅተም የለውም፤ በቀይ እርሳስ ተጽፎበታል፤ የኋላ ፍሬን አይዝም፣ የፊቱ የተበየደ ነው፣ ሳይጠገን እንዳይነዳ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ተጠግኖ ተመልሶ አልታየም ማለት ነው።

አያ አንዳርጌ አነበበው። ጣቱ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ቀስ እያለ ሄደ፣ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። «ፍሬን» የምትለዋን ቃል ከከንፈሩ ላይ አየኋት። ጣቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። እልልታው ገና አላባራም ነበር። ቀና ብሎ ሰዉን አየ፣ ከዚያ ደብተሩን ዘጋና ንጹሕ ነው አለ።

ደሜ ፈላ። ያም ሆኖ የወጣኝ ድምፅ የተማሪ ድምፅ ነበር። አያ፣ እስቲ እኔም ልየው አልሁት። ደብተሩን ካፖርቱ ኪስ ከተተና ከላይ ወደ ታች አየኝ።

«መምህር፣ እኔ ዋስ ቆሜ ሳለሁ ወረቀት የምትጠይቅ፣ የምትመረምረው እኔን ነው ዶቅዶቄውን?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ምንይችል ኮቴን ሳብ አድርጎ፣ ተወው ስለ ማርያም፣ ታስቀይማቸዋለህ አለኝ። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር፤ ቆላ መውረድ ቀርቶለታል። ተውሁት። ያነበብሁትን እዚያው ጮክ ብዬ ብናገር ምን እሆን ነበር? ምንም። ቢበዛ ይሰድበኝ ነበር።

ምንይችል ሲሄድ፣ ፍሬኑን ዳንግላ አስፈትሸው አልሁት። አያ አይተውታል እኮ አለኝ። ያነበብሁትን ግን አልነገርሁትም። አንብበህ ነው ዝም ያልኸው ወይ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ። ሊብሬውን አያ አንዳርጌ መርቆ ሰጠው፤ እሱም ሳይገልጠው እናቱ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ዋስ የቆመበትን ነገር ዳግመኛ ማየት ነውር ነውና።

ሦስት ሳምንት ነዳው። ጥርባ ላይ ልጆች በሩጫ ይከተሉት ነበር፣ እናቱም ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ በር ላይ ትቆም ነበር። በአራተኛው ሳምንት በዘንገና ሐይቅ በኩል ቁልቁለቱን ሲወርድ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት አገኘ። የኋላ ፍሬኑን ረገጠው፣ አልያዘም። እስከዚያ ቀን ብቻውን ያቆመው የነበረውን የፊቱን ጨበጠው፣ ብየዳው ለቀቀ። ሴቶቹን ላለመግጨት ከዳገቱ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ከሴቶቹ አንዲትም አልተነካችም። የእሱ ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው ላይ ተሰባብሮ በመሪውና በድንጋዩ መካከል ተገኘ።

የጥርባ ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥር አሰረለት። በሳምንቱ ሲፈታ እጁ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ለጉብኝት የመጣው ሐኪም አይቶ፣ አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ይመለሳል፣ ወር ካለፈው ግን እንዳለ ይደርቃል፣ ከእንግዲህ መርፌም አይዝ አለ። አዲስ አበባ ለእነ ምንይችል ሌላ ዓለም ነው፤ የሚያውቁት ሰው፣ የሚያርፉበት ቤት የለም። የአያ አንዳርጌ የእህቱ ልጅ ግን በየሳምንቱ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይመላለሳል፣ የአያ አንዳርጌ ታናሽ ወንድምም እዚያ ሆስፒታል አጠገብ ቤት አለው። ዋስ ከሆነ መካስ አለበት፤ ካሳውም ልጁን ወስዶ ማሳከም ይሁን ብላ እሜቴ ጥሩዓለም ሽማግሌ ጠራች። ከወሩ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ጎረቤት ግቢ በቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አያ አንዳርጌ ካፖርቱን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ መጣና ቆመ። ሊያዝን ነው ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን ተዘጋጅቶ ነው።

«እናንተ ሽማግሎች፣ የአገሩን ደንብ እኔ ላስታውሳችሁ? ዋስ ማለት ከብቱ አልተሰረቀም ማለት ነው። ዶቅዶቄውን የኔ ነው ብሎ የመጣ ሰው አለ? ከሌለ በምን እጠየቃለሁ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ በላይ ነው ብለው ሲያምኑት ዝም ያለው ሰው ነው ይህን የሚናገር። ደንቡ ልክ ነበር። ሰብሳቢው፣ ከሁሉ ያረጁት፣ ደንቡስ ልክ ነው አንዳርጌ፣ ነገር ግን ጤነኛ ነው፣ ንጹሕ ነው ብለሃል ይባላል፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አይተህ ደብቀህ እንደሆነ ግን ሌላ ነው፣ ያን ጊዜ ልጁን ታሳክማለህ አሉ። እሱም፣ ገልጬዋለሁ፣ ዓይኔ ግን ደክሟል፣ ደቃቅ ጽሕፈት አይታየኝም፣ ጤነኛ መስሎኝ ነው አለ። ሊብሬው ተገልጦ በሽማግሌዎቹ እጅ ዞረ። ቀዩ ጽሑፍ ከሩቅ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ እሜቴ ጥሩዓለም በጣቷ እኔን አመለከተች፤ አስተማሪው አጠገባቸው ነበር፣ እሱ ይናገር አለች።

ተነሣሁ። ምንይችል የዞረ እጁን በግራው ደግፎ እያየኝ ነበር። ሌላ ምስክር የለም። አንብቧል፣ ከንፈሩን አይቻለሁ ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጁ በዚያው ሳምንት መኪና ላይ ይወጣል። አያ አንዳርጌ በትሩን ተደግፎ በትዕግሥት ጠበቀኝ። አላስፈራራኝም። ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። እንደ ልጅ ነበር ያየኝ፤ ሊያጠፋ እንደማይደፍር ልጅ።

ደብተሩን ሲገልጡ አይቻለሁ አልሁ። አንብበዋል ወይ ብለው ሰብሳቢው ጠየቁኝ። ያንን፣ በሰው ዓይን ውስጥ ገብቼ ምን አየ ብዬ ልናገር አልችልም አልሁ። ከተናገርሁት ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለም። ከማን እንደተማርሁት አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ አያ አንዳርጌን ነጻ አሉት። ወሩ አለቀ። የምንይችል እጅ እንደዞረ ደረቀ፤ ኃላፊው አዝኖለት የክሊኒኩ ዘበኛ አደረገው። ድሮ እሱ ይወጋቸው የነበሩ አሮጊቶች መጥተው ገና ነው ወይ የሚሉት ሌላ ድሬሰር መጣ። በሩን በግራ እጁ ሲከፍትላቸው ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ እሜቴ ጥሩዓለም ልጇን ደግፋ በፊቴ አለፈች። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም በዚያኛው በኩል ልወጣ ስል አያ አንዳርጌ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«ጨዋ ልጅ ነህ፣ መምህር» አለኝ። «ነገር ታውቃለህ። እኔና አንተ እንግባባለን።»

እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ፣ አልሁት።